ባዶው ቦታ ውስጥ ማን አለ? የቨርቹዋል ቅንጣቶች ታሪክ

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ጢቾ ሄጄ ነበር። የአርሲን ደጋ ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከወረደ ምድጃ ዳር ከመቀመጥ ሌላ ሥራ የለም። የጎረቤታችን ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ስልኩን ይዞ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ።

“ጋሼ፣ ይሄ ቪዲዮ ባዶ ቦታ ውስጥ ቅንጣቶች ከምንም ብቅ ብለው ተመልሰው ይጠፋሉ ይላል። ሌላኛው ደግሞ ቨርቹዋል ቅንጣት የሚባል ነገር የለም፣ የሂሳብ ዘዴ ብቻ ነው ይላል። ሁለቱም ፊዚክስ አስተማሪ ነን ነው የሚሉት። የትኛው ነው የሚዋሸው?”

“ማንም አልዋሸም” አልኩት። አልተደሰተም። “እንደሱ ከሆነማ መልስ አይደለም” አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ልክ ነበር። ለእሱ ያልመለስኩትን እዚህ ለእናንተ ልሞክር፤ መልሱ ግን በታሪኩ በኩል ካልሆነ አይገኝም። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ስሙ። ስለ መስታወት ስትማሩ “ቨርቹዋል ምስል” የሚል ነገር አጋጥሟችኋል አይደል? ከመስታወቱ ጀርባ የቆመ ሰው የለም። ብትዞሩ ግድግዳ ብቻ ነው። ግን ምስሉ ከመስታወቱ ኋላ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ታሰላላችሁ፤ ስሌቱም በትክክል ይሠራል። ቃሉን “ምናባዊ” ብዬ እንዳልተረጉመው የፈራሁት ለዚህ ነው፤ እንዲያ ካልኩ ጥያቄው ሳይጠየቅ ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ ቨርቹዋል እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቃሉ በኳንተም ፊዚክስ ውስጥ ጎልቶ የወጣው በ1924 ነው። ያን ዓመት ኒልስ ቦር፣ ሄንድሪክ ክራመርስና ጆን ስሌተር አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ አቶሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩት “ቨርቹዋል” በሆነ ጨረር ነው፤ ኢነርጂም የሚጠበቀው በእያንዳንዱ ክስተት ሳይሆን በአማካይ ብቻ ነው አሉ። አስቡት፤ በአንድ ግጭት ጥቂት ኢነርጂ ከምንም ሊመጣ፣ በሌላው ሊጠፋ ይችላል፣ ሒሳቡ የሚዘጋው ብዙ ክስተት ሲደመር ነው ማለት ነው። ሐሳቡ አንድ ዓመት አልቆየም። በ1925 በርሊን ውስጥ ቫልተር ቦተና ሃንስ ጋይገር ኤክስሬይ ኤሌክትሮንን ሲመታ ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ ለኩ። የተበተነው ጨረርና የተመታው ኤሌክትሮን አብረው ነው የሚወጡት፤ ሒሳቡ በአማካይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ግጭት ይዘጋል። ጽንሰ ሐሳቡ ወደቀ፣ ቃሉ ግን ቀረ። የክራመርስን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

በሚቀጥሉት ዓመታት የፊዚክስ ሰዎች ስሌት ሲሠሩ “መካከለኛ ሁኔታ” የሚሉት ነገር ውስጥ ማለፍ ግድ ሆነባቸው። ሁለት ኤሌክትሮኖች ይገፋፋሉ። ለምን? አንዱ ፎቶን ይለቃል፣ ሌላው ይቀበላል። ፎቶኑ በመካከል ባለበት ቅጽበት ግን የኢነርጂው ድምር ከመነሻው ጋር አይገጥምም። ዛሬ ቪዲዮዎቹ ላይ የምትሰሙት “ቅንጣቱ ኢነርጂ ይበደርና ሳይታወቅበት ይመልሳል” የሚለው የዱቤ ተረት ከዚህ ዓይነቱ ስሌት የመጣ ነው።

በ1935 ጃፓናዊው ሂዴኪ ዩካዋ ይህንን አሠራር ደፍሮ ወደፊት ወሰደው። የአቶምን እምብርት አጣብቆ የያዘው ኃይል የሚሠራው እጅግ አጭር በሆነ ርቀት፣ በሚሊሜትር አንድ ትሪሊዮንኛ አካባቢ ነው። ርቀቱ ካጠረ ኃይሉን የሚያመላልሰው ቅንጣት ከባድ መሆን አለበት፤ ሲያሰላው የኤሌክትሮንን 200 እጥፍ ያህል መጣ። ማንም ያላየው ነገር! ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ በብሪስቶል የሚሠሩት የሴሲል ፓወል ቡድን አባላት የፎቶግራፍ ሰሌዳዎችን ተራራ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ከጠፈር የሚወርደውን ጨረር ተጠባበቁ። አንዱ ተራራ ፈረንሳይ ውስጥ ያለው ፒክ ዱ ሚዲ ሲሆን ከፍታው ከ3,000 ሜትር በታች ነው፤ ሌላው ቦሊቪያ ውስጥ ያለው ቻካልታያ ከ5,000 ሜትር በላይ ነው። የእኛ ጭላሎ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ሰሌዳዎቹ ላይ አዲስ ቅንጣት ዱካውን ጥሎ ተገኘ፤ ዛሬ ፓዮን እንለዋለን፣ የኤሌክትሮንን 270 እጥፍ ያህል ይከብዳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ዩካዋ የተነበየው እምብርቱ ውስጥ የሚመላለሰውን፣ ማንም ሊይዘው የማይችለውን ነው። ተራራ ላይ የተገኘው ደግሞ ከጠፈር የመጣ ጨረር አቶምን ሲመታ፣ ሙሉ የኢነርጂ ዋጋው ተከፍሎለት የወጣ፣ ዱካ የሚተው ቅንጣት ነው። ስማቸው አንድ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው እውነተኛ ስለሆነ እምብርቱ ውስጥ ያለውም እውነተኛ ነው ማለት ይቻላል? ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው።

1947 ሌላም ነገር ይዞ መጣ። ከሰኔ 2 እስከ 4፣ በእኛ አቆጣጠር በ1939 ግንቦት ማብቂያ፣ ኒውዮርክ አጠገብ ሼልተር አይላንድ በምትባል ደሴት ሃያ ምናምን የፊዚክስ ሰዎች ተሰበሰቡ። ዊሊስ ላም የሚባል ሰው ከሮበርት ሬዘርፎርድ ጋር የለካውን አቀረበ። በዲራክ የ1928 ቀመር መሠረት ሃይድሮጂን ውስጥ እኩል ኢነርጂ ሊኖራቸው የሚገባ ሁለት ሁኔታዎች እኩል አይደሉም፤ ልዩነታቸው በድግግሞሽ ሲለካ 1,000 ሜጋኸርትዝ ያህል ነው። ከጉባኤው በኋላ ሃንስ ቤተ ባቡር ውስጥ ተቀምጦ አሰላውና 1,040 አገኘ። ስሌቱ ኤሌክትሮኑ ፎቶን እየለቀቀ ራሱ መልሶ ሲውጥ የሚፈጠረውን ለውጥ የሚቆጥር ነው። በዚያ ጉባኤ ላይ ክራመርስም ነበር፤ እንዲህ ዓይነቱ ስሌት ወደ ማያልቅ ቁጥር እንዳይሄድ ምን መደረግ እንዳለበት ከተናገሩት አንዱ እሱ ነው።

ሪቻርድ ፋይንማንም ነበር። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሁላችሁም ያያችኋቸውን ሥዕሎች አወጣ፤ ቀጥ ያሉ መስመሮችና በመካከላቸው የሚጠመዘዝ መስመር። ከውጭ የሚገቡትና ወደ ውጭ የሚወጡት መስመሮች በመሣሪያ የምንይዛቸው ቅንጣቶች ናቸው። ውስጥ ተጀምረው ውስጥ የሚያልቁት ቨርቹዋል ይባላሉ።

አሁን ቪዲዮዎቹ የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። በፋይንማን መንገድ ስታሰሉ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ኢነርጂው በትክክል ይዘጋል። ብድር የለም፣ ዱቤ የለም። የማይገጥመው ሌላ ነገር ነው፤ የውስጡ መስመር መጠነ ቁስ ቅንጣቱ ሊኖረው ከሚገባው ጋር አይገጥምም፣ ኤሌክትሮን ተብሎ የተሠመረው መስመር የኤሌክትሮን ክብደት የለውም። በ1930ዎቹ መንገድ ስታሰሉ ደግሞ መጠነ ቁሱ ይገጥማል፣ ኢነርጂው አይዘጋም። ሁለቱም መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ታዲያ ኢነርጂ ተበድሯል ወይስ አልተበደረም? የመዝገብ አያያዝ ጉዳይ ነው።

ለልጁ ይህን ላስረዳው ስል እናቴን ባቄላ ለመንኳት። በውጭ አገር የሂሳብ መጻሕፍት “የኢትዮጵያ ማባዣ” የሚባል ዘዴ አለ፤ “የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ”ም ይሉታል፣ የጥንት ግብጾችም ተመሳሳይ ነበራቸው። 13 ቁና ገብስ በ24 ብር ሸጣችሁ እንበል። (ዋጋውን ለሂሳብ እንዲመቸን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ካገኛችሁ ጥሩኝ።) በግራ 13ን እያጋመሳችሁ፣ ትርፉን እየጣላችሁ ትወርዳላችሁ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን እያጠፋችሁ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን ረድፍ ትሰርዛላችሁ፤ 6 ተጋማሽ ስለሆነ 48 ወጣ። የቀሩትን ደምሩ፦ 24፣ 96ና 192፣ በድምሩ 312 ብር። ባቄላውን ደርድረን ሁለት ጊዜ አረጋገጥን።

“192 ብር የከፈለ ሰው አለ?” አልኩት። የለም አለ። “96 ብርስ?” የለም። “312ቱስ?” “እሱማ ኪሴ ገብቷል።” አሁን ትምህርት ቤት በተማርከው አስላ አልኩት። 24 በ10፣ 240። 24 በ3፣ 72። ድምር 312። በዚህኛው መንገድ 96 የለም፣ 192 የለም፣ የተሰረዘው 48ም የለም፤ በቦታቸው 240ና 72 መጡ። ከሁለቱም መንገድ የተረፈው 312 ብቻ ነው።

የቨርቹዋል ቅንጣቶች ነገር በእኔ አስተያየት እንደ 192 ነው። ዝም ብሎ የተፈለሰፈ ቁጥር አይደለም፤ ብትሳሳቱበት 312 አታገኙም። ግን ገበያ ውስጥ ብትፈልጉት የለም።

“ባዶ ቦታ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ” የሚለው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በኳንተም ፊዚክስ መሠረት ባዶው ቦታ፣ ከሁሉ ዝቅተኛ ኢነርጂ ያለው ሁኔታ፣ በጊዜ ውስጥ አይለዋወጥም። አሁን ብቅ አለ፣ አሁን ጠፋ የሚባልበት ሰዓት የለውም። ስቲቨን ሆኪንግ እንኳ ጥቁር ጉድጓድ ጨረር እንደሚያመነጭ ባሳየበት ጊዜ፣ በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ የሚለያዩትን ጥንድ ቅንጣቶች ሥዕል ቃል በቃል እንዳንወስደው በራሱ ጽሑፍ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው ተረስቶ ሥዕሉ ታዋቂ ሆነ።

“ካሲሚርስ?” ትሉ ይሆናል፤ የሚያነብ ልጅ ሁሉ ይህን ያነሳል። በ1948 ሄንድሪክ ካሲሚር የተባለ የፊሊፕስ ኩባንያ ተመራማሪ፣ ባዶ ቦታ ውስጥ ተቀራርበው የቆሙ ሁለት የብረት ሰሌዳዎች ሊሳሳቡ ይገባል ብሎ አሰላ። ምክንያቱን የገለጸው በባዶው ቦታ ኢነርጂ ነው። በ1997 ስቲቭ ላሞሮ በጥንቃቄ ለካውና ኃይሉ እንዳለ አሳየ። በቃ፣ ተረጋገጠ ተባለ። ግን በ2005 ሮበርት ጃፊ የሚባል የኤምአይቲ ፊዚሲስት አንድ ነገር አስታወሰ፦ ይህንኑ ኃይል በሰሌዳዎቹ ውስጥ ባሉት ቻርጆችና በመካከላቸው ባለው መሳሳብ ብቻ፣ ስለ ባዶው ቦታ ኢነርጂ አንድም ነገር ሳያነሱ ማስላት ይቻላል። መልሱ ያው ነው። ሰሌዳዎቹ መሳሳባቸው 312ቱ ነው። ስለ ባዶው ቦታ የተነገረው ግን ከመዝገቡ አንዱ ዓምድ ነው።

ከዚያ የሚብስም አለ። በ1974 ኬነዝ ዊልሰን ቦታንና ጊዜን እንደ መረብ ከፋፍሎ የማስላት ዘዴ አመጣ። በ2008 አንድ የአውሮፓ ቡድን በዚህ መንገድ፣ በትላልቅ ኮምፒዩተሮች፣ የፕሮቶንን ክብደት አሰላ። አንድም የፋይንማን ሥዕል አልተሣለም። ሥዕል ከሌለ የውስጥ መስመርም የለም።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ “አቶምንስ እንዲህ ብለውት አልነበር?” ማለት አለበት። ብለውታል! ከመቶ ዓመት ትንሽ በፊት ኤርንስት ማኽን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች አቶም ለስሌት የሚመች ሐሳብ እንጂ ያለ ነገር አይደለም ይሉ ነበር። ያንን ክርክር የዘጋው ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮች በሙቀት ምክንያት ያለ ማቋረጥ መወራጨታቸው፣ ብራውናዊ እንቅስቃሴ የሚባለው ነው። አንስታይን በ1905 አሰላው፣ ዣን ፔረን ከ1908 ጀምሮ ለካው። ይህ መስክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሼልተር አይላንድ ላይ ያ ጉባኤ በተካሄደበት በ1947፣ አሰላ አጠገብ ሙሉጌታ በቀለ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተማሩ፤ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታሰሩ፤ በኋላ ህንድ ሄደው ዶክትሬታቸውን በ1997 ሠሩ፤ በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰብዓዊ መብት የሚሰጠውን የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ተቀበሉ። የምርምር ሥራቸው ይኸው በሙቀት የሚወራጭ ቅንጣት እንዴት እንቅፋት እንደሚሻገር ነው። የዚህን ጥያቄ መሠረታዊ ቀመር በ1940 የጻፈው ማን መሰላችሁ? ያው ክራመርስ፣ የ1924ቱ የቨርቹዋል ጨረር ሰው። አንድ ሰው በአንድ እጁ ማየት የሚቻለውን ውርጭት፣ በሌላው ማየት የማይቻለውን ይዞ ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ፔረን የአቶሞችን ቁጥር በብራውናዊ እንቅስቃሴ አገኘ። ሌሎች በሰማዩ ሰማያዊነት፣ በሬድዮአክቲቭ ጨረርና በሌላም አገኙት፤ በአጠቃላይ ከአሥር በላይ ፍጹም የተለያዩ መንገዶች ወደ አንድ ቁጥር መጡ። መንገዱን ስትቀይሩ አቶሞቹ አይጠፉም፣ ቁጥራቸውም አይለወጥም። ቨርቹዋል ቅንጣቶችን ግን “ስንት ናቸው?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በየትኛው ዘዴ እንዳሰላችሁና ስንት ሥዕል እንደደመራችሁ ይወሰናል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚነሳው ክርክር ግን ቀላል አይደለም፤ እኔም ራሴ ሙሉ በሙሉ አልገላገለውም። ከፀሐይ ወጥቶ ከ8 ደቂቃ በኋላ ዓይናችሁ ውስጥ የገባውን ፎቶን አስቡ። ፀሐይ ውስጥ ካለ ኤሌክትሮን ጀመረ፣ ዓይናችሁ ውስጥ ባለ ሞለኪውል አለቀ። ሙሉውን ታሪክ ብትሥሉት እሱም የውስጥ መስመር ነው! መጠነ ቁሱ ከዜሮ የሚርቀው እጅግ እጅግ በጥቂቱ ነው እንጂ፣ በመርህ ደረጃ ከእውነተኛው የሚለየው አጥር የለም። ስለዚህ “የውስጥ መስመር ሁሉ የለም” ካልን ፀሐይንም ልናጣ ነው። እኔ አጥር ከመፈለግ ይልቅ ዱካውን መጠየቅን እመርጣለሁ፤ ይህ ነገር ብቻውን መሣሪያ ላይ የራሱን ክብደትና የራሱን ዕድሜ የሚያሳይ ምልክት ይተዋል ወይ? በ1973 በሰርን ጋርጋሜል የተባለው መሣሪያ ዜድ ቦሶን የሚባለው ቅንጣት በቨርቹዋልነት የሚያስከትለውን ውጤት አየ። ያኔ ዜድ ተገኘ ያለ ሰው አልነበረም። ተገኘ የተባለው በ1983 ኢነርጂው ተከፍሎለት፣ የፕሮቶንን መቶ እጥፍ ገደማ ከሚጠጋ ክብደቱ ጋር ሲታይ ነው።

እና ምን ይቀየራል? ነገሩ የቃል ጨዋታ ይመስላል፣ ግን አይደለም። በዚህ ስሌት የኤሌክትሮን ማግኔትነት 1.00115965218059 ሆኖ ተለክቷል፤ ስሌቱና ልኬቱ እስከ አሥራ ሁለተኛው አኃዝ አካባቢ አብረው ይሄዳሉ። የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነው ሙዮን ላይ ስንደርስ ግን ጉዳዩ አሁንም ትኩስ ነው። ቺካጎ አጠገብ ያለው ፌርሚላብ የመጨረሻውን ልኬት በሰኔ 2025 አወጣ፤ ስህተቱ ከአሥር ሚሊዮን አንድ ገደማ ብቻ ነው። በስሌቱ በኩል ዋናው ችግር እነ ፓዮን በቨርቹዋልነት የሚጨምሩት ድርሻ ነው። ይህን ድርሻ የሚያሰሉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በላቦራቶሪ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን አጋጭቶ የሚወጡትን እውነተኛ ፓዮኖች ይቆጥርና ከዚያ የቨርቹዋሎቹን ድርሻ ያወጣል። ሌላው የዊልሰን መረብ ነው፤ ምንም ፓዮን ሳይቆጥር በኮምፒዩተር ያሰላል። የመረቡ መልስ ከፌርሚላብ ልኬት ጋር ይስማማል፤ በግጭት ቆጠራ ላይ የተመሠረቱት የቀድሞ መልሶች አይስማሙም፣ የግጭት ሙከራዎቹም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም።

ይህን ስነግረው ልጁ ባቄላውን እየሰበሰበ ነበር። “አንዱ 312፣ ሌላው 310 ብሎ ወጣ ማለት ነዋ” አለ። አዎ አልኩት። “ታዲያ 192 አለ የለም ብሎ መከራከር ምን ያደርጋል? እንደገና ይቁጠሩ እንጂ።”

እየቆጠሩ ነው።